ሐሙስ የሚመጣው አጎት

ናቮታስ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1993

ለምናከብርዎና ለምንናፍቅዎ ቲዮ ፖልዶ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ሰውነትዎ ጤና፣ ሥራዎ የተቃና፣ እንቅልፍዎ የሞላ ሆኖ ያግኝዎ። እኛ በድንግል ማርያም ጠባቂነት ከዓሣውና ከጭቃው ጋር አለን።

እስከዚህ ያለው የአያቴ የሎላ ሴኒንግ ነው፤ አስጽፋኝ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚህ በታች ያለው የኔ የጆቬሊን ነው፤ ክፉ ቃል ካገኙበት አያቴን እንዳይቀየሙ።

ቲዮ አጎቴ፣ ሎላ ደህና አይደለችም። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል። ሐኪሙ «ልብሽ ነው፤ ጨው ተዪ» ቢላት «ናቮታስ እየኖርኩ? መተንፈስ ልተው?» አለችው። በቀን ሦስት ጊዜ «ፖልዶ መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። እናትዎ ሲሞቱ አሁን ዳቫዎ ከምትሠራው ከእናቴ ጋር ባንድ ምንጣፍ ያሳደገችዎ እሷ ናት። ይሄን እኔ ለእርስዎ መንገር አልነበረብኝም፤ በአራት ዓመት አንዴም ብቅ ስላላሉ የረሱት መስሎኝ ነው።

ትምህርት ማቆሜን ሰምተው ይሆናል። መምህሯ «የአንቺ መጨረሻ ዓሣ መልቀም ነው» አለችኝ። «የእርስዎ መጨረሻ ደግሞ እኔን ማስተማር ሆነ፤ የማናችን ይብሳል?» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ዳስተር ወረወረችብኝ። መለስኩላት። አስተካክዬ ነው የመለስኩላት። አሁን ወደቡ ላይ ዓሣ እለቅማለሁ፤ ሴትዮዋ ነቢይ ናት።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። ባለፈው ወር ጀልባ ጠጋኙ ማንግ ኢስኮ ሞተ። በአራተኛው ቀን ለቅሶው ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሊተኛ ሆነ። ሬሳ ደግሞ እስኪቀበር ድረስ ብቻውን አይተውም። እኔም ተነሳሁና «ማንግ ኢስኮ እድሜ ልኩን ጀልባ ሲጠግን ኖሮ ዛሬ ገና የማያፈስ ነገር ውስጥ ተኛ» አልኩ። ሚስቱ ናት ቀድማ የሳቀችው። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄሱን ይጠራሉ፣ ቀጥሎ እኔን።

ሎላ ግን አትስቅልኝም። ጎረቤት ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር እሷ «ጥሩ ነው። ፖልዶ ቢሆን ግን…» ትላለች። ስለዚህ ወይ ይምጡ፣ ወይ እንዴት እንደሚያስቋት ይጻፉልኝ። ቢመጡ ይሻላል።

ሲሄዱ ሻንጣዎ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ያለችው፣
ጆቬሊን


ደማም፣ ማርች 29 ቀን 1993

ለአሳዳጊዬ ለሎላ ሴኒንግ፣ ለልጄም ለጆቬሊን፣

የጌታ ሰላም ጣሪያችሁ ሥር ይደር። እኔ፣ ምስጋና ለእሱ ይሁንና፣ ደህና ነኝ። የወጥ ቤት ኃላፊ አድርገውኛል። ከሥሬ ሰባት ሰዎች አሉ። ክፍሌ አየር ማቀዝቀዣ ስላላት ስተኛ ብርድ ልብስ እደርባለሁ፤ እስቲ አስቡት፣ በበረሃ መሀል ብርድ ልብስ!

ጆቬሊን ልጄ፣ ወደ ትምህርትሽ ተመለሺ። መምህሯን ይቅርታ ጠይቂ። ባትፈልጊም ጠይቂ።

ሎላን እንዴት እንደማስቃት ጠይቀሽኛል። እኔ ለሎላ ቀልድ ነግሬያት አላውቅም። የምነግራት ጥፋቴን ነበር። የጎረቤት ዶሮ ባባርር፣ የቤተ ክርስቲያን ሻማ ብሰርቅ፣ ዱላው ሳይመጣ በፊት ራሴ ፊቷ ቆሜ ሁሉንም ደግሜ እሠራላት ነበር፤ እንደ ዶሮዋ፣ እንደ ባለቤትዋ፣ እንደ ቄሱ እየሆንኩ። ዱላውን ይዛ ትስቃለች። የሳቀ ሰው ደግሞ እጁ ይዝላል። ምስጢሩ ይኸው ነው። ሌላ ጥበብ የለኝም።

በጁን እረፍት አለኝ፤ እመጣለሁ። ንገሪያት።

ደብዳቤ ስትልኩ ከእንግዲህ በድሮው አድራሻ አይሁን። ኩባንያው ፖስታ ያጠፋል። ከኋላ በጻፍኩት፣ በጓደኛዬ በኔስቶር ስም ላኩ።

ሳልረሳችሁ የምኖር፣
ፖልዶ


ናቮታስ፣ ሜይ 11 ቀን 1993

ቲዮ፣

ይህ ደብዳቤ እዚያ ሲደርስ እርስዎ እዚህ ነዎት፤ ስለዚህ የምጽፈው ለማንም አይደለም። ቴሌግራም ላይ መጮህ ስለማይቻል ነው።

ሎላ ሜይ 2፣ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ አረፈች። የመጨረሻ ቃሏ «ፖልዶ ሲመጣ ዓሣውን አሙቁለት» ነው። በዚያው ቀን ቴሌግራም ላክንልዎ። መልስዎ ይኸው እጄ ላይ አለ፦ «ጠብቁኝ። ሐሙስ እመጣለሁ። ፖልዶ።» ጠበቅን። ሐሙስ መጣ፤ እርስዎ አልመጡም። ዓርብ ሁለተኛው ደረሰ፦ «ጠብቁኝ። ሐሙስ እመጣለሁ።» ባሕር ማዶ ያለ ልጇ እመጣለሁ እያለ ሬሳ የሚቀብር ሰው ናቮታስ ውስጥ የለም፤ ይሄን እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ ዛሬ አሥረኛ ቀናችን ነው።

ሬሳው እንዳይበላሽ መድኃኒት የሚወጋው ማንግ ቶንዮ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። «ልጄ፣ እኔኮ ኩላሊቴ አይሠራም» አለኝ፤ «በዚህ አያያዝ እሷ እኔን ትቀብረኛለች።»

ቤቱን ቢያዩት! ለቅሶ ቤት አይጠረግም፤ ሬሳ ሳይወጣ የጠረገ ሌላ ሰው ጠርጎ ለሞት ይሰጣል ይባላል። ካርታ ተጫዋቾቹ አሥር ቀን ሙሉ የሐብሐብ ፍሬ እየፈለፈሉ ቅርፊቱን መሬት ይጥላሉ። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ደርሷል። ትላንት የጎረቤታችን የአሊንግ ኢፓንግ አንድ ጫማ ጠፍቶ እስካሁን አልተገኘም።

«ጆቪ፣ አጎትሽ የት ደረሰ?» ይሉኛል ካርታቸውን እያወዛወዙ።
«እየዋኘ ነው።»
«ሻርክ በልቶት እንዳይሆን!»
«ሻርኩም ሐሙስ እበላዋለሁ ብሎ ነው የሚጠብቀው።»

ይስቃሉ። የሚስቅ ሰው ደግሞ ተነስቶ አይሄድም። እኔም ዝም አልልም፤ ዝም ካልኩ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ሰው የሌለበት ለቅሶ ለሎላ አይገባትም። ድምፄ ተዘግቷል። እባክዎ ይምጡ።

ጆቬሊን


ናቮታስ፣ ጁን 2 ቀን 1993

ፖልዶ፣

ሰላምታ የለም።

ሦስተኛውንም ሐሙስ ጠበቅንህ። እናቴ እስከ ሁለተኛው ሐሙስ ቆይታ ከሥራዋ እንዳትባረር ወደ ዳቫዎ ተመለሰች። በሃያኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ቀበርናት። መጨረሻ ላይ የቀረነው እኔ፣ አሊንግ ኢፓንግ፣ ማንግ ቶንዮና ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣለው አንድ ካርታ ተጫዋች ነን። ሳጥኑን ለማንሳት አራት ሰው ስለሚያስፈልግ ሰውዬውን ቀሰቀስነው። «መጣ እንዴ?» አለ፣ ዓይኑን እያሸ።

ከተቀበረች በኋላ አራተኛ ቴሌግራም ደረሰ። ቃሉን አልነግርህም፤ አንተው ነህ የጻፍከው።

ቤቱን ብቻዬን ጠረግኩት። ሦስት ጆንያ ቅርፊት ወጣ።

አትጻፍልኝ።

ጆ.


ኬሶን ከተማ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1994

ፖልዶ፣

የጻፍኩት ታርቄህ አይደለም። አትጻፍልኝ ስልህ ሰባት ወር እሺ ትላለህ ብዬ አልጠበቅኩም፤ እድሜህን ሙሉ ቃል ጠብቀህ የማታውቅ ሰው ይቺን አንድ ቃል ብቻ ጠበቅክ።

አሁን ኮሜዲያን ነኝ። እውነቴን ነው። ኦገስት ላይ ከኛ ቀጥሎ ባለችው በማላቦን አንድ ለቅሶ ቤት እያወራሁ ዊግ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ከኋላ ቆሞ ያየኛል። ማማ ቻቶ ይባላል፤ እዚህ ኬሶን ከተማ ባር አለው፤ መድረኩንም የሚመራው እሱ ነው።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አለኝ።
«ለቅሶ ቤት እድሜ አይጠየቅም፤ አንዱ ጨርሶ ተኝቷል።»
«ነገ ባሬ ነይ። ጫማ አድርገሽ ነይ።»

የመጀመሪያው ቀን መድረክ ላይ ሞትኩ። ለቅሶ ቤት ሰው ሊያለቅስ መጥቶ ሳታስበው ታስቀዋለህ። ባር ግን ሊስቅ መጥቶ እጁን አጣጥፎ «እስቲ ሞክሪ» ይልሃል። አንድ ራሰ በራ «ውረጂ!» ብሎ ጮኸ። «ጋሼ ጭንቅላትዎን ያዙሩልኝ፣ መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ» አልኩት። ሳቁ። ሳምንት ሙሉ የተቀመጠውን ሁሉ ስሰድብ ከረምኩ፤ ወፍራሙን፣ ቀጭኑን፣ የሰው ሚስት ይዞ የመጣውን።

ማማ ቻቶ ዊጉን አውልቆ እያበጠረ «ስድብማ እኔም አለኝ» አለኝ። «የሚያንገበግብሽ ነገር የለም?»

በማግስቱ አንተን ነገርኳቸው። ቴሌግራሞቹን፣ ቅርፊቱን፣ የአሊንግ ኢፓንግን ጫማ። «ሰፈራችን ውስጥ ሐሙስ የሚባል ቀን ቀርቷል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ፖልዶ፣ ዓርብ ነው የምንለው» ስል ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ከዚያ የሎላን ድምፅ አወጣለሁ፤ ከሳጥኑ ቀና ብላ ቄሱን «አባ፣ ልሂድ ወይስ ልጠብቀው?» ትለዋለች። እዚያ ላይ አስተናጋጆቹ ትሪ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ጥሎ ሰብሯል።

አሁን እንግዳው ዘፈን እንደሚመርጠው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ይልካል፦ «ፖልዶን አምጪልን።» በቀን ሁለቴ አመጣሃለሁ። ለሎላ ያልመጣኸው ሰውዬ ለነሱ በየቀኑ ትመጣለህ። በካሴት ቀድተው ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ሁሉ ይልካሉ።

የምኖረው አራት ሴቶች በሚተኙበት ክፍል አንዷ አልጋ ላይ ነው። ሁሉም የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ እኔ ስገባ እነሱ ወጥተዋል፣ እነሱ ሲገቡ እኔ። ሦስት መቶ ሰው አስቄ እመጣና ኑድሌን ቆሜ እበላለሁ። የቀኑን ቀልድ ሰምቶ «ፖልዶ ቢሆን ግን…» የሚለኝ ሰው የለም።

ለምን አልመጣህም? ይሄን ብቻ ንገረኝ። ቀልድ አድርጌዋለሁ እንጂ አላውቀውም።

ጆቪ


ደማም፣ ማርች 6 ቀን 1994

ለጆቬሊን፣

እግዚአብሔር ድምፅሽን ይጠብቅልሽ። ድምፅሽን ስለሰማሁት ነው ከሰላምታው ይህን ያስቀደምኩት።

ዓርብ ሥራ የለም። ኔስቶር ከእህቱ ጥቅል መጣለት፤ የደረቀ ዓሣ፣ ሳሙና፣ አንድ ካሴት። ስምንታችንም አልጋ ላይ ሆነን ከፈትነው። ገና «የሰፈራችን ወደብ» ስትዪ አወቅኩሽ። ከዚያ ስሜን ጠራሽ።

ልጆቹ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሩፎ ከአልጋ ወደቀ። «ይሄ ፖልዶ የሚባለው ሰውዬ ጭንቅላቱን መታየት አለበት!» ይላል።
«አንተስ ፖልዶ አይደለህ እንዴ? ዘመድህ እንዳይሆን!» አለኝ ሌላው።
«ፖልዶ በየቤቱ አንድ አለ» አልኳቸው።
ሲያልቅ «ድገሙት» ያልኩት እኔ ነኝ። ያቺ «ልሂድ ወይስ ልጠብቀው?» የምትለዋ የሎላ ድምፅ ናት፤ ቁርጥ እሷን። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ሦስተኛው ላይ ኔስቶር ፊቴን አየና ቴፑን አጠፋው።

ለምን አልመጣህም አልሽኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ላንቺ ልናገር።

ወጥ ቤት የለም። ኮንትራቴ ምግብ አብሳይ ይል ነበር፤ ስደርስ በረሃ ወስደው ድንጋይ አስፈለጡኝ። በአምስተኛው ወር ጠፋሁ። ፓስፖርቴ እዚያው አሠሪዬ እጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በድብቅ አንድ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የሰው አንሶላ አጥባለሁ። የድሮውን ፖስታ ያወጣልኝ የነበረው ጓደኛ አገሩ ስለገባ፣ የመኖሪያ ወረቀት ባለው በኔስቶር ስም ደብዳቤ ይመጣልኛል። ከሥሬ ሰባት ሰዎች አሉ ያልኩት ውሸት አይደለም፤ የምተኛው ከሁሉም በላይ ካለው አልጋ ላይ ነው። ብርድ ልብሱም እውነት ነው።

ወረቀት የሌለው ሰው ወደ አገሩ የሚሄደው እጁን ሰጥቶ፣ ታስሮ ነው። ስንት ወር እንደሚያቆዩት አይታወቅም። ሎላ ስትሞት ግን አንድ ደላላ «የሞት ቴሌግራም ያሳየ ሰው ረቡዕ እስር ቤት ከገባ ሐሙስ ያሳፍሩታል» አለኝ። ቴሌግራሙን የምልክልሽ ቆርጬ ስነሳ ነበር፤ ስልከው እውነት ነው። ረቡዕ ጠዋት ታጥቤ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ እስከ እስር ቤቱ በር እሄዳለሁ። በሩ ሰፊ፣ አረንጓዴ ነው። ሰዎችን ከመኪና ሲያወርዱ አያለሁ። ተመልሼ አንሶላ አጥባለሁ። አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አራተኛው ቀብራችኋት ነበር፤ አላወቅኩም።

ፈሪ ነኝ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ቀልዱን አታቁሚ። ሰው ይስቅበታል፤ እንጀራሽም ነው። ለጥፋቴ የሚገባውም እሱ ነው።

ፖልዶ


ኬሶን ከተማ፣ ሜይ 2 ቀን 1994

ቲዮ ፖልዶ፣

ዛሬ የሎላ ሙት ዓመት ነው፤ መቃብሯ ላይ ሻማ አብርቼ መጣሁ። አንተም ደህና ሁን፣ ጤና ሁን፣ ዓይናችን ይተያይ።

ደብዳቤህን ባሩ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተቆልፌ አነበብኩት። ማማ ቻቶ በሩን እየደበደበ «አንቺ ልጅ፣ ተራሽ ነው፤ ፖልዶን እየጠሩ ነው!» ይላል። ወጣሁ። አፌን ስከፍት ቀልዱ አልመጣልኝም። ዘፈን ዘፍኜ ወረድኩ። በማግስቱ ስለ ጂፕኒ ታክሲ ሾፌሮች አወራሁ። ወረቀቱ ግን እየበዛ መጣ፦ «ፖልዶ»፣ «ፖልዶስ?»፣ «ፖልዶ ካልመጣ ሂሳብ አንከፍልም»።

በሦስተኛው ቀን አመጣሁህ። ሁሉንም እንደ ወትሮው ነገርኳቸው፤ ቴሌግራሙን፣ ቅርፊቱን፣ ሎላን። ሳቁ። ከዚያ አላቆምኩም። የተተኮሰውን ሸሚዝ ነገርኳቸው። አንተን ሆኜ እስከ በሩ ሄድኩ፤ መድረኩ ትንሽ ስለሆነ አራት እርምጃ ነው። ቆምኩ። ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ተመለስኩ። ሰው የሚስቅበትን ቦታ እየፈለገ ይጠብቃል፤ እኔ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ፊት ለፊት ያለች ሴትዮ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አንድ ሰውዬ ብቻ ከጥግ «ጅዳ!» አለ። እሱ በሩን ያየበት ከተማ መሰለኝ።

ማማ ቻቶ አልተቆጣኝም። «ልጄ» አለኝ፣ «እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ያለውን ሊረሱ ነው የሚመጡት። አንቺ ቤታቸውን ይዘሽላቸው ትመጫለሽ። ወይ ቆርጠሽ ጣይው፣ ወይ ከምሽቱ ፕሮግራም አውጥቼሻለሁ።»
«አውጣኝ።»
«አንቺ! ግንባርሽን ግድግዳ መትቶሻል?»
«ወደፊት ሲመታኝ እነግርሃለሁ።»

ስለዚህ አሁን የምሠራው ምሽቱ ሳይጀመር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አስተናጋጆቹ ጠረጴዛ ሲወለውሉ። ሰው የለም። ለወንበር ነው የማወራው። ትላንት ግን አንተን ሆኜ በሩ ጋ ስደርስ ጓዳ ብርጭቆ የምታጥበዋ ሴት ውኃውን ዘጋችው።

አሁን ስማኝ፤ ልቆጣህ ነው። እኔን ያቃጠለኝ አለመምጣትህ አይደለም፤ ማስጠበቅህ ነው። «አልችልም» ብትል ኖሮ በአምስተኛው ቀን እናለቅስ፣ እንቀብራት፣ እንረግምህ፣ ከዚያም እንረሳው ነበር። ሃያ ቀን በር በሩን አሳየኸን። ፈሪ ነኝ ብለህ ጨርሰህ እፎይ ልትል ነው? እኔም እኮ መድረክ ላይ ከመውጣቴ በፊት በየቀኑ አስመልሳለሁ። አስመልሼ እወጣለሁ።

እሺ፣ ያኔ አልቻልክም። አሁን ግን የሞተ የለም፤ የሚጣደፍ የለም፤ ሳጥን ውስጥ የሚጠብቅህ የለም። ማንም ሳይሞት ና። ታሰር ያሉህን ያህል ታሰርና ና።

ጆቪ


ደማም፣ ጁላይ 3 ቀን 1994

ለልጄ ለጆቬሊን፣

የሰማዩ አባት ከፊትሽም ከኋላሽም ይቁም።

ባለፈው ዓርብ ኔስቶር ካሴቱን እንደገና ሊከፍት ሲል «አቁመው» አልኩና ከላይኛው አልጋ ወረድኩ። ሁሉንም ራሴ ሠራሁላቸው። ቴሌግራሙን ስጽፍ፣ ሸሚዙን ስተኩስ፣ በሩን ሳይ፣ ስመለስ። በሩንም ሆንኩ። ሩፎ አፉን ከፍቶ «አንተ ነህ እንዴ?» አለ። «እኔ ነኝ» ስል ያን ጊዜ ሳቁ፤ አንዱ ሳል ይዞት ጀርባውን እስክንመታው ድረስ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ማንም ማንንም አላየም። ከስምንታችን ወረቀት የሌለን አራት ነን፤ ያን ቀን ነው የተዋወቅነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ተኝተን ተደባብቀን ነበር ለካ።

ሩፎ «ብቻህን ስለሄድክ ነው የፈራኸው፤ እኔም ብቻዬን እፈራለሁ» አለኝ። አራታችንም አብረን ልንገባ ተስማማን።

ቀኑን አልነግርሽም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ወይ ገብቻለሁ፣ ወይ በአምስተኛ ጊዜ ተመልሻለሁ። ከውስጥ መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ማንም እንዳይጠብቀኝ። ለአሊንግ ኢፓንግ አትንገሪያት። እናትሽ ከዳቫዎ እንዳትነሳ። ዓሣ እንዳይሞቅ። ከመጣሁ ራሴ በር እመታለሁ፤ ካልመጣሁ ማንም ወንበር ይዞ አይቀመጥ።

ስለ ምሽቱ ሥራሽ በጣም አዘንኩ። የተውሽው በእኔ የተነሳ ከሆነ መልሰሽ ቀጥዪው።

ፖልዶ


ናቮታስ፣ ኦገስት 21 ቀን 1994

ቲዮ ፖልዶ፣

ያለህበት ቦታ ጣሪያው የማያፈስ፣ ጎረቤትህ የማያንኮራፋ ይሁን። ደብዳቤውን ለኔስቶር ነው የምልከው፤ መንገድ ካገኘ ይስጥህ። ኔስቶር ለእህቱ «አራቱም ገብተዋል፤ ፖልዶ ከፊት ነበር» ብሎ ጽፏል። ሦስት ጊዜ ነው ያስነበብኳት፤ ሴትዮዋ ሰልችታ ደብዳቤውን ሰጠችኝ።

የሎላ ቤት ተመልሼ ገብቻለሁ። የአራት ሴቷን ክፍል ለቀቅኩ። አሁን ብቻዬን ነው የምተኛው፤ ለውጡ ብዙም አይታወቅም፤ ምንጣፉ ብቻ ሰፋኝ። ከዚህ እስከ ባሩ ሁለት ጂፕኒ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለመድረስ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እወጣለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሁን አሥራ አንድ ሰው ይመጣል። ቆጥሬያቸዋለሁ። አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ከሥራ ወጥተው ልጆቻቸው ጋ ከመግባታቸው በፊት አንድ ለስላሳ ለሁለት ይዘው ይቀመጣሉ። ቴሌግራሙ ላይ አይስቁም። የሚስቁት ሸሚዙ ላይ ነው። «ለመታሰር ተኩሶ ለበሰ!» ይላሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። እኔ እዚያ ላይ ሳቅ አላስቀመጥኩም ነበር፤ ራሳቸው አገኙት። ማማ ቻቶ ከጓዳ ሆኖ ያዳምጣል። የምሽቱን ግን አልመለሰልኝም።

ጥያቄህን ተቀብያለሁ። ለአሊንግ ኢፓንግ አልነገርኳትም። ለእናቴም አልጻፍኩም። ዓሣ አልሞቀም። እኔም አልጠብቅህም፤ እንደማውቅህ የጠበቀህ ሰው ነው የሚጎዳው። ማማ ቻቶን ግን በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ስጠኝ ብዬ ነበር፤ «የትኛውን ትፈልጊያለሽ?» ሲለኝ ሰኞን አልኩት። ወደቡ ላይ ያሉት ሴቶች ከዚያ አገር የሚያባርሯቸውን የሚያመጣው አውሮፕላን ሰኞ ጠዋት ነው የሚያርፈው ይላሉ፤ በሱ ምክንያት አይደለም። ልብስ የማጥብበት ቀን ስለሌለኝ ነው።

ሰኞ ሰኞ ቤት ነኝ።

ጆቪ